ወጪ

አምስተኛው እርከን በሽቦ ታስሮ ነው የከረመ፤
ሽቦው ሲዝግ፣ በሌላ ሽቦ እየታከመ።
«ይለወጥ» ብለን ጻፍን። ጻፍን ደግመን።
«ወጪ ነው» አለ ሒሳብ ሹሙ፣ ቀና ሳይል ሊያየን።

ልክ ነው።
ወጪው ናዚፍ ነበር።
ከቆጪ ወዲያ፣ ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ፣
ቺንጋው ከፑሊው ባመለጠ ቁጥር
ብሎን በጥርሱ ነክሶ፣ ካቻቢቴ ወገቡ ላይ ሸጉጦ፣
በቀን አራቴ፤ የሌሊቱን ፈረቃ ማን ይቆጥር።

«እግሩን ያዝልኝ» ይለኛል ሊወጣ ሲል፣
የመሰላሉን ማለቱ ነው።
መሃል ሲደርስ ደግሞ፣ ወደ ታች ሳያይ፣
«ይዘኸዋል?»
«ይዤዋለሁ።»
ከ«አካም ቡልቴ» ይልቅ ይህ ነበር ሰላምታችን።

ማክሰኞ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል።
ለአጋሮ የሚጭነው አይሱዙ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፣ ይነፋል።
በረኛው ሰኔ ላይ ተቀንሷል፤ እሱም ወጪ ነበር፤
በሩን ደርቤ የያዝኩት እኔ ነኝ።
አንድ እጄን ለቀቅሁ።
«ይዘኸዋል?»
«ይዤዋለሁ» አልኩ፣ ፊቴ ወደ በሩ ዞሮ።

ሲወድቅ አልሰማሁም። ወፍጮው ነበር፣ ዝናቡ ነበር።
ያየሁት ዱቄት ነው፤
ከወለሉ ተነሥቶ የሰው ቁመት ያህል የቆመ፣
ከዚያ፣ እየቆየ፣ የተበተነ።
ከሥሩ ናዚፍ፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ፣
ብሎኑን እንደ ነከሰ።

ቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ፊት
«የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ተሞላ።
«ምስክር» ከሚለው ሥር ስሜን ጻፍኩ፣
እጄ ሳይንቀጠቀጥ። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።
ሐሙስ አዲስ እርከን ተመታ፤
መቶ ሃያ ብር ከነምስማሩ። ደረሰኙን አይቼዋለሁ።

እሑድ፣ ሆስፒታል። በመስኮቱ ጅሬን ጉም ለብሷል።
እኅቱ ሰዓዳ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል
ጣራ ጣራውን እያየ
«እግሬን ያዝልኝ» አለኝ።
ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። በሁለት እጄ ያዝኩ።
ይሞቃል።
ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ የካልሲው ጠርዝ በነበረበት፣
ያልታጠበ ዱቄት ቀርቷል፣ እንደ ቀለበት።

«ይዘኸዋል?»
«ይዤዋለሁ።»
ዝም አለ። ጠበቀ።
ወደ ታች ሳያይ፣
«ናዝሮ፣ ይዘኸዋል?»