ሳህን አጣቢው የሚያውቀው

ከጦሳ የወረደ ጭጋግ፣ ቧንቧ ውኃን ሲውጥ በጧት፣
ይመር ድስቱ ሥር ቁጭ ብሏል፣ እንቅልፉን በልቶበት እሳት።
ትናንት ማታ የጣደው አጥንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላው፤
አረፋውን ሲገፍ አደረ፣ እንዳኮረፈ ልጅ እያባበለው።
እኔ ሳህን አጣቢው ነኝ። ስሜን ማንም አይጠይቅም፤
ግን ሳህን የሚነግረኝን፣ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም።

ይመር ሙያውን ያገኘው፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣
በክር ፋብሪካው ወጥ ቤት ነው፤ ሽንኩርት ይልጥ ነበር ብቻ።
ሞሪታ የሚሉት ጃፓን፣ ለማሽን ተከላ የወጣ፣
የካንቲኑን ፓስታ ቀምሶ፣ እጅጌ ሰብስቦ ወጥ ቤት መጣ።

ቋንቋ የላቸውም። ሊጥ አላቸው።
ጆሮውን ጨምቆ፣ ሊጡን ጨምቆ፣ «እንዲህ» ይላል በጣቱ፤
የጆሮ ጫፍ እስኪመስል፣ ይታሻል እስኪነጋ ሌሊቱ።
የግራር አመድ አጥልለው፣ ጠብታው ሊጡን ሲነካ፣
ነጩ ዱቄት ቢጫ ሆነ፤ ጅማት ነበረው ለካ።

ሞሪታ አገሩ ገባ። ይመር ደሴ ወጣ በብድር፤
አምስት በርጩማ፣ አንድ ድስት፣ ደጁ ላይ ጽሑፍ፦ «የጃፓን ክር»።
የባሕር ዓሣ ከየት ይምጣ? የሐይቁን ቆሮሶ ያደርቃል፤
ጭስ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ እንጨት ጠርቦ፣ ሾርባው ላይ ይፈረፍራል።
አኩሪ አተሩ ሲወደድ፣ ትዝ አለው የእናቱ ስልጆ፤
ማንኪያ ሙሉ ከሥር ቢጥል፣ ባዕዱ ሾርባ ሠራ ጎጆ።
ዕንቁላሉ ስድስት ደቂቃ፤ ካለፈ አስኳሉ ይጨክናል።
ይመር ሰዓት የለውም፤ የባጃጅ ተራ አስከባሪ
ስንቴ እንደጮኸ ይቆጥራል።

ገበያው ግን ጨዋ ሆነ።
ሲበሉ ድምፅ ነውር ነው፤ አፍ ይዘጋል፣ ዓይን ይሰበራል፤
ሰው ክሩን በሹካ ጠቅልሎ፣ እፍ እፍ እያለ ያበርዳል።
«ሳቡት እንጂ!» ይላል ይመር፣ «ይጩህ፣ ጎረቤት ይስማ!
ዝም ስትሉት እያበጠ፣ ገንፎ እኮ ሆነ፣ እማማ!»
እሜቴ ዘሀራ ሳቁ፣ አፋቸውን በመዳፍ ሸፍነው፦
«እንዲህ ስበላ ብታይ፣ እናቴ ተነሥታ ትገርፈኝ ነው!»

ሳህኑ ወደ እኔ ይመጣል፣ ግማሽ ሾርባ፣ ያበጠ ክር፤
እደፋለሁ። ድመት ወፈረች። ይመር ዝም። ከፍ አለ ብድር።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። ከሚሌ የመጣ ተሳቢ ደጃችን ቆመ፤
ረዳቱ ወረደ፣ ዘይት በዘይት፣
ከበረሃ ወጥቶ በደሴ ብርድ እየታመመ።
ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ነውሩንም ማንም አልነገረው።
ጎንበስ አለ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ፣ እንፋሎቱን በፊቱ ያዘው፤
ከዚያ ሳበው—

ፉርርርት!

እሜቴ ዘሀራ ማንኪያ ጣሉ፤
አራት ሰው ዞረ ባንዴ፣ «የማን ልጅ ነው ይሄ?» እያሉ።
ፉርርርት! ሁለተኛ። ሦስተኛ።
ይመር ጭልፋውን ለቀቀ፤
የጆሮውን ጫፍ፣ ያችን ጫፍ፣ በሁለት ጣቱ ጨመቀ።

ሳህኑ እኔ ጋ ሲደርስ፣ ጠብታ የለበት፣ ጉድ ነው፤
አገላብጬ አየሁት፤ ልጠበው ወይስ ልተወው?
ድመቷ መጥታ አሸተተች፣
አየችኝ፣
ተቀይማ ሄደች።

በማግስቱ እሜቴ ዘሀራ
ጥጉን ያዙ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣
ግራ ቀኝ አዩና፣ ቀስ ብለው—

እኔ ከጓዳ ሰማሁ።