ልበ ሰፊ

«ልቡ ሰፍቷል» አለች ዶክተር ኒርማላ፣
ምስሉን በጣቷ እያሳየች፣ ዐረብኛውን ቀስ ብላ።
ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ።
እኔ ቦርሳ ይዤ፣ ከበሩ ጥግ ቆሜ፣
ሳቄ መጣ፣ በሻሼ ጫፍ አፌን ከድኜ ዋጥሁት።
በእኛ አፍ ልበ ሰፊ
ለቻለ ነው፣ ለታገሠ፣ ላበደረ፣ ለማረ፤
አቡ መሻሪ ግን
አርባ ዓመት ሹዌይክ ወደብ ሚዛን ላይ የኖረ፣
ቴምር ሲመዝን የዝንቧን ክብደት የቀነሰ፣ የቆጠረ፣
የሻዬን ስኳር እንኳ በዐይኑ የሰፈረ!

ኮምፒውተሩን አዞረችላቸው።
ዕድሜው ገባ፣ ኩላሊቱ ገባ፣
የምቱ ሥዕል፣ የልቡ ወርድ በሚሊ ሜትር፤
ሦስት ሽቦ ያለው ማሽን ከደረቱ ቢቀበር፣
ግራና ቀኙን ባንድ ምት ቢያስመታው፣
«ከመቶ ሰው ሰባው ይሻለዋል፤
ሠላሳው እንደነበረ ይቀራል።
እሱ ከየትኛው እንደሆነ
እንገምታለን እንጂ አናውቅም።»
ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ከመቶ ሠላሳ የጎደለው ጆንያ
በእኔ ዘመን አያልፍም ነበር» አለ።
ፈረመ።

የጠየቀኝ የለም እንጂ
እኔም ግምት ነበረኝ።
በአራት ትራስ ነው የሚያድር፤
በሦስት ከተኛ ነገ ደኅና ነው፣
አምስተኛ ካማረው አምቡላንስ።
ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ሁለቴ ይቆማል፣
የግድግዳ ሥዕል የሚያይ መስሎ፣ ትንፋሹን ሊሰበስብ።
ማታ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤
ስርጉዱ እስኪሞላ አራት ከቆጠርሁ
የሽንት ኪኒኑን ደብቆ ተፍቶታል።
ጠዋት ጠዋት እመዝነዋለሁ፣
መዛኙን።
ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ እጽፈዋለሁ፣
ከቄስ ትምህርት ቤት በተረፈኝ ቁጥር፣
፹፬፣ ፹፬፣ ፹፮፤
ሲጨምር የእኔ ጥፋት እንዳይመስል።

ማሽኑ ገባ።
ራስጌው ላይ ትንሽ ሣጥን ተቀመጠች፣
ምቱን ለሆስፒታል የምትልክ፣ ሌሊቱን አረንጓዴ ስትበራ።
ሁለታችንም አንተኛም፣
እሷ በኮሞዲኖው ላይ፣ እኔ ወለል ላይ፣
አባያዬን አጥፌ ተንተርሼ።
ባትሪው ሰባት ዓመት ይቆያል አሉ።
የእኔ ኮንትራት ሁለት።

በአምስተኛው ወር፣
ሩመይሲያ ላይ አቧራ ፀሐይዋን በጋረደበት ቀን፣
ምስሉ ተደገመ።
«ልቡ ጠቧል!» አለች ዶክተሯ በደስታ፤
ልጆቹ ተቃቀፉ።
እኔ ዳግመኛ ሻሼን ፈለግሁ።

የዚያን ሌሊት አንድ ነገር ፊቴ ላይ ዱብ አለ፤
ላቡ ያልደረቀ፣ የሱፉ ጠረን ያለበት ትራስ።
ከላይ ድምፁን ሰማሁ፤ «ወደቀ» አለ።
ጠዋት ላነሣው ስል
«ተዪው» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚያስገባበት ቦታ የለውም።
ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጻፍሁት፤
ክብደት ፹፩።
ትራስ፣ ለእሱ ፪፣ ለእኔ ፩።
የነገውን እንጃ።