ጎተራ

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ከላውንደሪው ጀርባ፣
አስፋልቱ ሶል ሲይዝ፣ ነሐሴ ሲገባ፣
ከቆሻሻ ገንዳው ጥግ፣ በጫማ ካርቶን
ጥለዋት ሄደው ነበር ይህችን።
ቤት አስረክበው፣ ሻንጣ ቆልፈው በረዋል፤
ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «በነጻ» ብለው ጽፈዋል።

እኔ ይመኙሻል፣
ማታ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ አድሬ
ቀን የምተኛ፣ አንድ ክፍል ለአራት ተዳብሬ፣
አይጥ በወጥመድ እንጂ በውል ስትያዝ ያላየሁ፣
መታወቂያዬን ይዤ ጉዲፈቻ ልወስድ መጣሁ።

«አይጥ ናት፣» አለች ዘቢባ፣ የአልጋዬ ጎረቤት።
«ሃምስተር ናት።»
«ጭራዋ ስላጠረ ስሟን ቀየሩላት?»

ሻይላጃ ትባላለች አስጠጊዋ፣ የኬረላ ሰው፣
ሳሎኗን ለተጣሉት ለቃ እሷ ኮሪደር የምታድረው።
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፦ «የምትሰጫት ቦታ ስንት በስንት ነው?
በሜትር ንገሪኝ፤ ‹ይበቃታል› የሚሉት ልክ እኔ ጋ አይሠራም።
ሰጋቱራው ከስንዝር ይለፍ፤ ካልቆፈረች ትታመማለች።
መሽከርከሪያው ድፍን ይሁን፤ ሽቦ ከሆነ እግሯን ትሰብራለች።
በውሃ እንዳታጥቢያት፤ አሸዋ ነው መታጠቢያዋ።
ጓደኛ እንዳታመጪላት፤ ትነክሳለች፤ ለብቻዋ ነው ጎጆዋ።
ቀን ተኝታ ከሆነ
ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ እንዳይቀሰቅሳት።»

«አሸዋ በገንዘብ! እዚህ አገር!» አለች ዘቢባ፣
መስኮቱ ላይ የተጋገረው አቧራ ላይ በጣቷ እየጻፈች።

ወረቀቱ መጣ። ዝርያ፦ ሶርያዊት።
ዕድሜ፦ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ መንፈቅ ቢጨመርላት።
«አንድ ኮንትራት፣» አለች ዘቢባ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ።
አጅማን፣ በመጀመሪያው ቤት፣ ፈርሜ ስገባ
ፍራሼ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነበር፤
እግሬን ስዘረጋ በሩ አይዘጋም።
«ስንት በስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አላስታውስም።
«ተኝታ ከሆነ» የሚል አንቀጽ
ውሌ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።
ሻይላጃ አልቸኮለችም። ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረች።
ፈረምኩ።

አልጋዬን በብሎኬት አነሳሁት፤
ከሥሩ ሜትር ከሃያ ለካሁላት።
የሰጠኋትን የሱፍ ፍሬ ጉንጯ ውስጥ ጠቅጥቃ
ፊቷ ከወገቧ ሲሰፋ
ጎተራ አልኳት።
ትበላለች ብዬ ስጠብቅ ወስዳ ትቀብረዋለች።
አልፈረድኩባትም፤
የእኔስ ደሞዝ ከጉንጬ ሳይወርድ አይደል
ደብረ ሲና የሚደርስ?
ከሥራ ስገባ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ እሷም ሥራ ላይ ናት፤
ድፍኑ ጎማዋ ውስጥ የት እንደምትሄድ እንጃላት።

መስከረም ላይ፣ አንድ ሌሊት፣
ኤሲው አሥራ ስድስት ላይ ተረስቶ
ስደርስ ዘቢባ መሬት ተቀምጣለች፣ ስስ ፌስታል ይዛ፣ እያለቀሰች።
«በርዳለች፣» አለችኝ። «ደርቃለች።»
ሻይላጃ ነግራኝ ነበር፦
«ብርድ ሲበዛባት የሞተች ትመስላለች፤
ለመቅበር አትቸኩዪ። አሙቂያት፣ ጠብቂ።»
ኤሲውን አጠፋሁ። በመዳፌ ያዝኳት፤
በመዳፌ ላይ የዘቢባ መዳፍ፣
ሽንኩርት የሚሸት፣ የሚንቀጠቀጥ፣
እንዲያ ሆነን ቆየን።
የሱብሂ አዛን አልፎ ጢሟ ተንቀሳቀሰ፣
አንዴ፤
ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

ከዚያ ወዲህ ሪሞቱ የት እንዳለ የምታውቀው ዘቢባ ናት።
ሃያ አራት ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሙቀቱን ያማርራሉ፣
እሷ አትሰማም።
«አይጥሽ፣» ትለኛለች አሁንም።
ኪያሩን ግን አጥባ፣ ጥፍር አሳክላ
የምትከትፍላት እሷ ናት።