የተሰነጠቀ ቸርኬ

አስፋልቱ ደክሞት ጭቃ ከሚሆንበት፣ ከቱሉ ዲምቱ ጥግ፣
ኮንዶሚኒየሙ ጀርባውን ሰጥቶን ለከተማው ሲያደገድግ፣
አንድ ክሪክ፣ ሁለት መፍቻ፣ የሚያስል ኮምፕረሰር፣
ግማሽ በርሜል ውኃ በባሕር ዛፍ ሥር፤
ሱቄ ይኸው ነው።
"ጎሚስታ" ብዬ የጻፍኩበት አሮጌ ጎማ ደጄ ላይ ቆሟል፤
"ስ"ዋን ዝናብ ወስዷት፣ የቀረው ይነበባል።

ስሜ ትርፉ ነው።
እናቴ ስታወጣው "የአባቱ ትርፍ" ብላ በደስታ፣
ሰፈሩ የሰማው ግን ሌላ፤ ከኋላ የታሰረ ስኮርታ፣
በሰባቱ ላይ ስምንተኛ፣
ሌላው ካልፈነዳ የማይፈታ፣ የሁልጊዜ ተረኛ።

ከሲኖ ትራክ ሆድ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ፣
ዘይት ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል በክንዴ እየጠረግኩ፣
ስንት ጊዜ ጠየቅኩ፦
"ጌታዬ፣ ሌላው ሰው መሪ ይዞ ሲነዳ፣
እኔን የሠራኸኝ ለሰው ጎማ ቀዳዳ?"
መልስ አልመጣም።
መኪና መጣ።

በዚያ ክረምት ነው አሸዋ የጫነ መኪና ጉድጓድ ገብቶ የወጣው፤
ቸርኬው ተሰነጠቀ። ሾፌሩ አየና፣ "ጣለው።"
አልጣልኩትም፤ መጣያ ስለሌለኝ ከአጥሬ አስደገፍኩት።
ሁለት ዓመት ዝናብ ጠጣ።
ዶሮዬ ዕንቁላል ጣለችበት፤ ልጄ ትርሲት ዕቃ ዕቃ ተጫወተችበት።
ቆራሌው አገላብጦ፣ በእግሩ ገፋ አድርጎ፣
"በኪሎ ካልሆነ" አለኝ፣ ድምፁንም ዋጋውንም ዝቅ አድርጎ።
አልፈረድኩበትም።
የጎማ ሰው ያውቃል፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ንፋስ አይዝም፤
ብትበይደው እንኳ ሌሊቱን ሲያፏጭ ያድራል እንጂ አይተኛም።

ከኮረብታው አናት መቃኞ ተተከለ፤
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ደጁ ሸራ፣ ደወል ግን የለ።
አባ ወልደ ሩፋኤል ጭቃ የጎረሰ ቦቲያቸውን እየጎተቱ መጡ፤
"መኪናው የት ቆሟል?" አልኳቸው። ሳቁ እንጂ መልስ አልሰጡ።
በመቋሚያቸው የብረት ራስ ቸርኬውን አንዴ መቱት።

ድምፁ
በባሕር ዛፉ መሀል ሄደ፤ የጤፉን ማሳ አቋረጠ፤
ከኮንዶሚኒየሙ ተላትሞ፣ ተመልሶ ደጄ ተቀመጠ።
ሻካራ ነበረ፤ ጉንፋን እንደያዘው ዲያቆን።
ዶሮዋ ግን ተነሣች። ውሻውም መጮኹን ተወ።

"ይኼን ስጠን፣ ትርፉ።"
ስንት ልበላቸው? አፌ ዋጋ ሊጠራ ተከፍቶ፣ አፍሮ ተዘጋ።
"አባ፣ ስንጥቅ እኮ ነው። ንፋስ አይዝም።"
"የሚይዝማ ሞልቷል፣ ልጄ። እኛ ያጣነው የሚለቅ ነው።"

በራሴ ሰንሰለት፣ በራሴ ብሎን፣ ከጥዱ ቅርንጫፍ ሰቀልኩት፤
እሑድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቱት።
ዘበኛው ጋሽ ጉርሙ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣ፤
ብሎኬት ሠራተኛዋ ዙፋን፣ ሲሚንቶው ከጥፍሯ ሳይለቅ፣
ልጇን አዝላ፣ ጭቃውን በባትሪ እየመረጠች።
ከፎቁም አንድ መስኮት በራ፤ ቆይቶ ሌላ።
እኔ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እጄን በናፍጣ ታጥቤ፣
"ይኼን ሁሉ ሰው ማን ጠራው?" እያልኩ በልቤ።

ከዚያ ወዲህም ሥራዬ ያው ነው።
ጎማውን በርሜል ውስጥ እነክራለሁ፤ ቀዳዳ ውኃ ውስጥ አይዋሽም፤
አረፋ ሆኖ ይናዘዛል።
እለጥፋለሁ። ንፋስ እሞላለሁ።
አንዳንዴ ብቻ፣ ቱቦውን እንደያዝኩ፣
የሞተው ጎማ ከመሬት ቀና ሲል እያየሁ፣
"እኔም አፈር ነበርኩ፤ እፍ ያለብኝ አለ" እላለሁ።

ትናንት ወደ ሠርክ ደግሞ ከሲኖው ሆድ ሥር ነበርኩ።
ያ ሻካራ ድምፅ ከኮረብታው ወረደ፤ መፍቻዬን አስቀመጥኩ።
ሾፌሩ ከላይ "አለቀ ወይ?" ይለኛል።
ዘይቱ ጠብ አለ፣ እንደ ልማዱ፣ ከግንባሬ መሀል።
አልጠረግኩትም።