የጎደለችው ብሎን

ሦስት መቶ አርባ ዶላር፣ ከትርፍ ሰዓት ተቀንሳ፣
የፍሪጁን ማግኔት ወር ሙሉ ተንተርሳ፣
ቀኗ ደርሶ ዛሬ ጠረጴዛ ወጣች፤
ኬብሮንም እርሳስ ቀርጻ ወረቀት አመጣች።

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከዜሮ ሥር ሠላሳ፤
መኪናዬ ከደጅ፣ የግድግዳ ኤሌክትሪክ እንደ ግሉኮስ ጎርሳ
ታድራለች። እኛም ከቤት፣ ከምንጣፉ ላይ፣
ሌላ በሽተኛ ከበን አመሸን፣ ሆድ ዕቃውን ስናይ።

ከተዘጋ ኢንሹራንስ ቢሮ በሃያ አምስት የገዛሁት፣
«ክፍል ሦስት» የሚል ወረቀቱን መላጥ ቢያቅተኝ የተውኩት።
ደብዳቤ ሲጽፍ ደኅና ነው፤
        ኬብሮን ግን ድልድይ ትሠራለች፣
ለትምህርት ቤት ውድድር፣ ስክሪን ላይ ብረት ታቆማለች፤
ልታዞረው ስትል
        ድልድዩ መሐል ወንዝ ላይ ደርቆ፣
ማራገቢያው ይጮኻል፣ እንደ ወፍጮ እህሉ አልቆ።

«መጀመሪያ ካርዱ! የቪዲዮ ካርዱ!» አለች፤
ዋጋውን እንዳላይ በመዳፏ ከለለች።
ሁለት መቶ ሰባ።
        ሰባ ለሌላው ቀረ፤
የእኔም የሾፌር አፌ እንዲህ ሲል ጀመረ፦
«አርባ ተማሪ ጭኜ በረዶ ላይ ስነዳ
ጡሩምባው ምን ያደርጋል፣ ፍሬኑ ካልተሰናዳ?
ያን ካርድ ቢሸከም ይህ የኃይል ሣጥን አርጅቶ፣
የአህያ ቆዳ ቤት ነው፤ ይፈርሳል ጅብ ሰምቶ።»

ዝም አለች። እርሳሷን ነከሰች። ደግማ ነከሰች።
ከዚያ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ ካርዱን ሰረዘች።
አላመሰገንኳትም። ስርዙ ጥልቅ ነበር፣
ጠረጴዛው ድረስ ዘልቆ፣ ቀጭን ቦይ ሠርቶ የሚቀር።
ከሥሩ ጻፈች፦ ኃይል ሣጥን ሰማንያ፤ ዲስክ ዘጠና፤
ሜሞሪ — የጥያቄ ምልክት፤ ያገለገለ ይገኛልና።

የሸጠልን ሴልከርክ ጎዳና ነው፣
ቦህዳን የሚሉት ሽማግሌ፣ ጋራዡ መጋዘን የሆነው።
አርባ አምስት አለ። አርባ አልኩት። አርባ ሁለት ላይ ቆመ።
ድልድይዋን በስልኳ ሲያይ ጢሙን ይዞ ተገረመ፤
«ይህኛው እግር ቀጥኗል» አላት፣
        «ጎርፍ ቢመጣ አይችለውም።»
ሁለቷን ዶላር ግን
        ቆጥሮ ነው የተቀበለኝ፤ አልማረኝም።

አዲሱን ዲስክ፣ የማስቲካ ልክ፣ አወጣነው ከካርቶን፤
ሁሉ ሞልቶ ሳለ ጎደለች አንዲት ብሎን።
የጤፍ ታህላለች ብል ማጋነን ነው፤ የምስር ክክ፣
ያለእሷ ግን ቀና ይላል፤ አይተኛም ያ ሁሉ ብር የወጣበት ዲስክ።

ከሞተ ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ከጓዳ ነበረኝ፤
«አባዬ፣ ብረት ንካ!» ብላ ጮኸች፣ በካልሲ ስመጣ ስታየኝ።
ነካሁ። የጣቴ ጫፍ ብልጭ አለ፤
በዚህ ብርድ፣ በዚህ ከተማ፣ ሰው ሁሉ መብረቅ አዘለ።
የሟቹን ጀርባ ፈትቼ አንዷን ብሎን ወሰድኩ፣
ይቅርታ እንኳ ሳልለው ለሕያው አጎረስኩ።

ቁልፉን ተጫነች።
        ሦስት ጊዜ ጢጥ። ጨለማ።
        የፍሪጁ ማጉረምረም እንኳ ያን ያህል ሲሰማ።
ሜሞሪዋን ነቅላ፣ እፍ ብላ፣ መልሳ ሰካቻት፤
ቀጭ! — ያችን ድምፅ ጆሮዬ እንደ ፍርድ ጠበቃት።

ሰማያዊ ብርሃን። ድልድዩ ተነሣ፣ ዞረ፤
ካርድ የለውምና ጥላው ሻካራ፣ ወንዙም ግራጫ ጨርቅ ነበረ።
ቢሆንም ዞረ።

መቶ ሃያ ስምንት ዶላር ማግኔቱ ሥር ገባች።
«ለካርዱ» የሚል ጽፋባት ኬብሮን ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤
ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣
የድልድዩን እግር ስታወፍር አየኋት፣ ያንን ቀጭኑን፤
ሽማግሌው ነው ያለኝ አላለች፤ እኔም አልነገርኳት ማየቴን።