ጎዶሎ ባልዲ

ነሐሴ ነው፤ ሻርጃ ሌሊቱም አይበርድም፤
ባሕሩ ይተነፍሳል፣ ነፋስ ግን አይሄድም።
ከመስኮቴ በታች ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤
በእንቅልፌ መካከል «ክረምት ነው» ያስብላል።
ብወጣ ኤሲው ነው፤ በቀጭን ቱቦው ጫፍ
ሲሚንቶ ያጠጣል፣ ሊደርቅ፣ ሊተን፣ ሊያልፍ።
ውሃ ያለ ባለቤት ሲፈስ አይቶ መተኛት
አልቻልኩም፤ አመል ነው፤ ባልዲ ደቀንኩለት።

ንጋት ላይ ሞልቶ ነው። ወለሉን ወለወልኩ፣
ለካውያው ቀዳሁለት፣ የተረፈውን ይዤ ዞርኩ።
ከአጥሩ ጥግ ቁርቁራ አለች፣ ማንም የማያያት፣
እነሱ «ሲድር» ይሏታል፤ እኔ በስሟ ጠራኋት።
ግማሽ ጎኗ ደርቋል፤ ሥሯ ላይ ደፋሁላት።

«ባሕር ነው» አለኝ ናዲም፣ ሾፌሩ፣ «የምትጠጪው፤
ጨዉን ለመለየት ጋዝ ነው የሚነደው።»
ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ስከፍት እሳት ይታየኛል፤
ሳሕን ሳለቀልቅ እጄ ይሰበሰባል።

የልጅቷ ስም ደላል። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ፤
እኔ በደላላ እጅ ነው እዚህ የደረስሁ።
አሥር ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት
ይዛ መጣች፦ «በዚህ ሳምንት ምን ቀነሳችሁ በቤት?»
ጠረጴዛዋን ትታ ወጥ ቤት ገባች ወደ እኔ፤
«ዘምዘም፣ አንቺስ ምን ትቀንሻለሽ?»
እኔ?

ምን ልበላት? ቆቦ፣ ቦኖው ሲደርቅ በጋ፣
በጀሪካን ተሰልፈን ስናድር እስኪነጋ፣
«ቀንሱ» ያለን የለም፤ ቀናሹ ሰማይ ነው።
እዚያ ድህነት ሲባል፣ እዚህ ምግባር የሆነው
በየትኛው አየር ላይ፣ በስንት ሰዓት በረራ ነው?

አልነገርኳትም ይህን፤ ባልዲውን አሳየኋት፤
በእስክሪብቶ ስትከተለኝ ዋለች እስከ ማታው ሰዓት፦
ሩዝ ያጠብኩበት ውሃ ለምን እንደሚጠራቀም፣
ያደረ ኹብዝ ደርቆ ምን እንደሚጠቅም፣
ሰው የሌለበት ክፍል መብራቱን ስለማጥፋት፣
ግማሹ ተጠጥቶ ስለሚጣል ጠርሙስ ብዛት።
አሥራ ሁለት ቆጠረች፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳሎን፤
ማታ ብርጭቆዋ ላይ ስሟን ጻፈች፣ የግሏ እንዲሆን።

እራት ላይ እናቷን፦ «ኤሲው አሥራ ስምንት ለምን?
ሃያ አራት ይበቃናል፤ በነሐሴ ብርድ ልብስ ለበስን!»
መዳም ዝም አለች። እኔ ሳሕን ላይ አቀረቀርኩ፣
ከእኔ አፍ የወጣ እንዳይመስላት እየተሳቀቅኩ።
ተነሥታ ሪሞቱን ስድስት ጊዜ ተጫነች፤
«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ያን ሌሊት ጠብታው ሳሳ፤ ስቆጥር አንቀላፋሁ፤
ጠዋት ባልዲው ግማሽ ነው። ታቅፌው ቆሜ ቀረሁ።
በእኛ አገር በማለዳ ባዶ ዕቃ ገደ ቢስ ነው፤
ይህን ግን፣ ይህን ጎዶሎ፣ ምን ብዬ ልሰይመው?

ቁርቁራዋ ጋ ወሰድኩት። አነሳት፤ የሩዙን ጨመርኩላት።
ከአንድ እሾህ ጎን፣ ጥፍር የምታህል፣ ገና ያልለየላት
አረንጓዴ ነገር አለች። ለደላል አልነገርኳት፤
ራሷ ትድረስባት።