ላምበረት ይላል ቲኬቱ

ላምበረት ይላል ቲኬቱ፣ ማህተምም አለው፤
ሾፌሩ ሞተር ያጠፋው ግን ለገጣፎ ጭቃ ላይ ነው።
«መናኸሪያው ተዛውሯል» አለ ረዳቱ፣
የጫማ ቁጥር እንደሚናገር፣ አንገቱን አውጥቶ በመስኮቱ።
«መቼ?» «ትናንት።» «ማን አለ?» «ደብዳቤ ወጥቷል።»
ደብዳቤውን ያየ ቢፈለግ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዝም ብሏል።

ከደሴ የወጣነው ሌሊት ነው፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፤
ጉልበታችን ከወንበር ተጣብቋል፣ ወገባችን ሆኗል ብረት።
መውረድም በቁጥር ሆነ፣ ሻንጣም በቁጥር፤
«ከአንድ እስከ ሃያ ይውረድ፣ ሌላው ባለበት ይኑር!»
እኔ አርባ ሦስት ነኝ።
በሩ አንድ ነው፤ በሩ ላይ ሦስት ጆንያ ሽንኩርት፣
ከሽንኩርቱ ወዲያ ተሸካሚ፣ ደላላ፣ ባጃጅ፣ ጩኸት።

ዘምዘም ልጇን ታቅፋ «ወራጅ አለ!» ትላለች፤
ወራጅ መኖሩንማ መኪናዋም ታውቃለች።
ወንድሟ ላምበረት ቆሞ ይጠብቃል፣ ስልኳ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ሞቷል፤
አንዱ ሰውዬ ያልሄደበትን ኪሎ ሜትር በብር አስልቶ መልስ ይጠይቃል፤
ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገመድ ይፈታል፣
ወይም የሚፈታ ይመስላል።

ጋሽ እንድሪስ ብቻ፣ ከጎኔ፣ ከወንበራቸው አልተነሱም፤
ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም።
«አይቸኩሉም?» አልኳቸው።
«ልጄ፣ እኔ መርከበኛ ነበርኩ» አሉ፤ «መንገድ የሚረዝመው ከደረሱ በኋላ ነው።

«የወደቡ መብራት እየታየን፣ መልህቅ ጥለን ስድስት ቀን፣
የሰው ቤት ዓሣ ሲጠበስ በነፋስ እየሸተተን፣
‹ውረዱ› የሚል ወረቀት ጠፍቶ እንቀመጥ ነበር።
ይህስ ምን አለበት፤ ቢያንስ በሩ የሚከፈተው ወደ ምድር።

«አንድ ጊዜ ደግሞ እኛ ባሕር ላይ ሳለን ወደባችን ተቀየረ፤
አልሰመጠም፣ አልፈረሰም፣ እዚያው አለ፤ ለእኛ ግን ቀረ።
ካፒቴኑ ሬዲዮውን ሰማ፣ ካርታውን አጠፈ፣
መሪውን አዞረ፤ አንድ ሰው ትንፍሽ ሳይል ሌሊቱ አለፈ።
መርከብ ከኋላዋ የቤቷ ስም ይጻፍባታል፤
‹አሰብ› የሚለውን ቀብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ገመዱ እስካሁን ወገቤን ይይዘኛል።
‹ምን ልጻፍበት?› ስል፣ ‹አዲስ አበባ›፤
ሳቄን ውጬ ጻፍኩት፤ ማዕበል መታን፣ ተንጋደደች የመጨረሻዋ ባ።
ዕድሜ ልኳን ጨው ስትልስ የኖረች መርከብ
ቤቷ ተራራ ላይ ሆነ፣ ዘላለም የማትደርስበት ወደብ።
በየአገሩ አንድ ጠያቂ አይጠፋም፣ ካርታ ይዞ የሚከራከር፦
‹የዚህ ከተማ ባሕሩ በየት ነው?› ‹ሲዘንብ ይመጣል› እለው ነበር።»

መዝነብ ጀመረ፣ የሰማቸው ይመስል።
ሜዳው ውሃ አቆረ፤ የባጃጆቹ መብራት እላዩ ላይ ይዋልላል።
ዘምዘም ቁጥሩን መጠበቅ ተወች፤
መስኮቱን ገፍታ ልጇን ለማታውቀው ተሸካሚ አቀበለች፣
ተከትላ ዘለለች፣
አንድ እግር ጫማዋን ውስጥ ጥላ።
እኔም «አርባ ሦስት!» ሲባል ወረድኩ፤
ጭቃው ላይ ቆሜ «ደረስኩ» ልል ብዬ፣ የት እንደሆነ አጣሁ።

ጋሽ እንድሪስ መጨረሻ ወረዱ፣ የዘምዘምን ጫማ ይዘው፤
ሰጧትና ወደ አውቶቡሱ ኋላ ዞሩ፣ ዝናቡን ረስተው።
«ደሴ — ላምበረት» ይላል፣ በቢጫ ቀለም።
የመጨረሻዋን ፊደል በአውራ ጣታቸው አሹ፣ ደጋግመው፣ እንደ ባለሙያ።
«ዘይት ቀለም ነው» አሉኝ፤ «ይኼ ቶሎ አይለቅም።»